«እየተሠራ ነው» ከተባለ በኋላ

ልጆቼ፣

በአንድ የክልል ምክር ቤት በባለሙያነት የተቀጠረች ወጣት ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ላከችልኝ፦ «ምክር ቤቱ ጠርቶ የጠየቃቸው ኃላፊ "ትኩረት ተሰጥቶት እየተሠራ ነው" ብለው ሲቀመጡ፣ ከዚያ በኋላ ምን ይባላል?» በሁለት መስመር ልመልስላት ብዬ ነበር። ግን ጥያቄዋ አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና ወረቀቱ ረዘመ። ከረዘመ አይቀር ለእሷ ብቻ አይሁን ብዬ ለሁላችሁም አደረግሁት።

ነገሩ ስለ ኦክሲቶሲን ነው። እናት እንደወለደች ማሕፀኗ እንዲኮማተርና ደም እንዳይፈስሳት የሚወጋ መርፌ ነው፤ ሕፃኑ በወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት። አምፑሉ ከትንሿ ጣት ያንሳል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ሲያገኘው ኃይሉን ያጣል፤ ክፋቱ ደግሞ አይደፈርስም፣ ቀለሙም አይለወጥም። ደህና መስሎ ይወጋል።

አንድ የምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ፣ እኔም አብሬው፣ በጥር ወር ለመስክ ምልከታ ወጥቶ ከአንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት መጋዘን ገባ። ግድግዳው ላይ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት በፍሬም ተሰቅሏል። የፋርማሲ ባለሙያው ሳይጠየቅ ሪፖርቱን አቀረበ፤ ሲጠየቅ ደግሞ ቢን ካርዶቹን አወጣ። ቢን ካርድ ማለት መድኃኒቱ የገባበት፣ የወጣበትና የቀረው ሚዛን ከነቀኑ በእጅ የሚጻፍበት ጠንካራ ወረቀት ነው፤ ለእያንዳንዱ መድኃኒት አንድ አንድ አለው። የኦክሲቶሲኑ ካርድ ኅዳር 1 ቀን ሚዛን 30 ይላል። ኅዳር 15 ቀን 15። ኅዳር 29 ቀን 0። ከዚያ በታች አንድም መስመር የለም። ታኅሣሥ ሙሉውን ባዶ ነው። በዚያ ወር የወለዱትስ? «ቤተሰብ ከውጭ ገዝቶ ያመጣ ነበር» አለ ባለሙያው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድ በነፃ ነው።

አሁን ሒሳቡን ተከተሉኝ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ሞልቶ ለመድኃኒት አቅራቢው ቅርንጫፍ ይልካል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የሁለት ወሩን ፍጆታ በሁለት ታባዛላችሁ፣ በእጅ ያለውን ትቀንሳላችሁ፣ የቀረው የሚጠየቀው ነው። መጋዘኑ ቢበዛ የአራት ወር፣ ቢያንስ የሁለት ወር ክምችት እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ቀመር ነው። በሁለት ወር 60 አምፑል የሚጨርስና 40 በእጁ ያለ ጤና ጣቢያ 120 ሲቀነስ 40፣ 80 ይጠይቃል። መልካም።

የእኛው ጤና ጣቢያ ግን በኅዳር 30 ተጠቀመ፤ በታኅሣሥ ባዶ ስለሆነ ምንም አልተጠቀመም። ቅጹ ላይ የሁለት ወሩ ፍጆታ 30 ተብሎ ተጻፈ። በሁለት ሲባዛ 60። በእጅ ያለው 0። ስለዚህ 60 ተጠየቀ። ባዶ የነበረበት ወር ተቆጥሮ ቢስተካከል ኖሮ የሚጠየቀው 120 ነበር። እጥረቱ ቀጣዩን ትዕዛዝ በግማሽ ቀነሰው ማለት ነው። 60ው መጣ፤ ለጥርና ለየካቲት ይበቃል፤ ቀጣዩ ጭነት በአንድ ሳምንት ቢዘገይ ካርዱ ተመልሶ 0 ይላል። በሪፖርት ላይ ግን፣ የተጠየቀ 60፣ የተላከ 60፣ አፈጻጸም 100 በመቶ።

የመድኃኒት አቅራቢው ኃላፊ በኋላ ኮሚቴው በጠራው ስብሰባ ላይ «ተቋማቱ የጠየቁት ተሟልቶላቸዋል» ሲሉ አልዋሹም። የኮሚቴው ጥያቄ ምን ነበር? «የመድኃኒት አቅርቦት ችግርን ለመፍታት ምን እየተሠራ ነው?» ሠንጠረዥ ታየ፣ ፎቶ ታየ፣ ምስጋና ቀረበ፣ ሻይ ተጠጣ። ያንን ጥያቄ ያረቀቀው የእኔ እጅ ነው። የካርዱ ቁጥሮች በማስታወሻዬ ላይ ተጽፈው፣ ማስታወሻው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ምን ተብሎ መጠየቅ ነበረበት? አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። «በላ ልበልሃ» እየተባለ በሚሟገቱበት ዘመን ጠያቂው ተከራካሪውን በተጠየቅ ነበር የሚይዘው፤ መጀመሪያ ማንም የማይክደውን ያሳምነዋል፣ ከዚያ ወደ ጠባቡ ቦታ ይነዳዋል። «ምን እየተሠራ ነው» ተጠየቅ አይደለም፤ ለተጠያቂው በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ነው። በተጠየቅ ቢሆን እንዲህ ይሄድ ነበር፦

«ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ሲቀር ጤና ጣቢያው መደበኛውን ሪፖርት ሳይጠብቅ የድንገተኛ ትዕዛዝ መላክ አለበት። እውነት ነው ወይስ አይደለም?» እውነት ነው ከማለት ሌላ መልስ የለም። «በዚህ ካርድ ላይ ኅዳር 15 ቀን የቀረው 15 አምፑል ነው፤ የሁለት ሳምንት። የድንገተኛ ትዕዛዝ ደርሷችኋል?» ደርሶናል ካሉ፣ መድኃኒቱ በስንተኛው ቀን ተላከ? አልደረሰንም ካሉ፣ ትዕዛዙ አለመላኩን ማወቅ የማን ሥራ ነበር? «ታኅሣሥ ባዶ እንደነበረ ታሳቢ ተደርጎ ነው 60 የተላከው ወይስ ሳይደረግ?» ከዚያ ወዲያ «ትኩረት ተሰጥቶታል» የሚለው ቃል መግቢያ ያጣል።

መቶኛንም እንዲሁ ጠርጥሩት። ከ25 አስፈላጊ መድኃኒቶች 24ቱ መደርደሪያ ላይ ካሉ አቅርቦቱ 96 በመቶ ነው፤ ያስጨበጭባል። የጎደለችው አንዷ ኦክሲቶሲን ከሆነች ለምትወልደው እናት 96ቱ ምንም አይደለም። ስለዚህ አማካይ አትጠይቁ፤ የአንድ መድኃኒት ባዶ ቀናትን ጠይቁ። «በስድስት ወር ውስጥ ስንት ጤና ጣቢያ፣ ስንት ቀን ባዶ ነበር?» ይህን የሚመልስ ሰው ካርድ መቁጠር አለበት።

«መድኃኒት የለም» የሚለው አቤቱታ ሦስት የተለያየ በሽታ ነው፤ ሳትለዩ አትጠይቁ። አንደኛው፣ አቅራቢው ጋ ራሱ የለም፤ ይህ የግዥና የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው፣ አቅራቢው ጋ አለ፣ ጤና ጣቢያው ግን መግዣ የለውም። በነፃ ከሚታደሉት ውጭ ያለውን መድኃኒት ተቋሙ በውስጥ ገቢው ነው የሚገዛው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላትን አክሞ ክፍያው ከዘገየበት እጁ ባዶ ይሆናል። መዋጮውን በወቅቱ የከፈለ አባወራ ካርዱን ይዞ መጥቶ «ከውጭ ግዛ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄውም ለመድኃኒት አቅራቢው ሳይሆን ለመድኅኑ ነው፦ የስንተኛው ሩብ ዓመት ሒሳብ ነው ያልተከፈለው? ሦስተኛው፣ መድኃኒቱ መጥቶ ተበላሽቷል። ፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈውን የሙቀት መመዝገቢያ እዩ። ጠዋትና ማታ መሞላት አለበት። ወሩ ሙሉ በአንድ ቀለም እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ ሁሉም 4 ዲግሪ ሆኖ ከተሞላ የተሞላው እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት በነበረው ምሽት ነው።

ባለቤቱን ማወቅ ሌላው ነገር ነው። የጤና ጣቢያ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ከወረዳ በጀት ነው የሚወጣው። የፌዴራል ሚኒስትር ጠርቶ ስለ አንድ ወረዳ ነርስ መጠየቅ «ይህ የክልሉ ሥልጣን ነው» የሚል መልስ በነፃ መስጠት ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር መሆኑን ሳያጣሩ ሌላ በር የሚያንኳኩም አሉ። ውኃ ሲሆን ይብሳል። ማዋለጃ ክፍሉ ቧንቧ አለው፣ ውኃ የለውም፤ ጤናው «የውኃ ጉዳይ ነው» ይላል፣ ውኃው «አልተጠየቅንም» ይላል። መፍትሔው ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ መጥራት ብቻ ነው።

ጊዜውንም አትሳቱ። በጀት የሚጸድቀው እስከ ሰኔ 30 ነው፤ አዲሱ ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ፍሪጅ እንዲገዛ የምትፈልጉ ከሆነ በዘጠኝ ወር ሪፖርት ላይ፣ በሚያዝያና በግንቦት ጠይቁ። በሐምሌ የተጠየቀ «ለቀጣይ ዓመት እናያለን» ይባላል፤ በሰኔ የተጠየቀ ደግሞ በጀቱ እንዳይቃጠል በጥድፊያ ተገዝቶ ቮልቴጅ ማስተካከያ የሌለው ፍሪጅ ይመጣል።

የምክር ቤት አሠራር ራሱ አንድ ቀዳዳ አለው። አባላት ተከታትለው ይጠይቃሉ፣ ኃላፊው ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ከዚያ በአንድ ላይ ይመልሳሉ። ሰባት ጥያቄ የቀረበለት ሰው አራቱን መርጦ በሰፊው ቢያብራራ ሦስቱ መዝለላቸውን ማን ይቆጥራል? ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ እላለሁ። ሁለት የጠየቀ አንዱን አስበልቷል። ተጠየቁንም ለሦስት አባላት ቀድማችሁ አከፋፍሉት፤ አንዱ ያሳምን፣ ሁለተኛው ቁጥሩን ያንሳ፣ ሦስተኛው በሁለተኛው ዙር ያልተመለሰውን ብቻ ይጥራ። የሦስተኛው ሥራ ከባድ ነው፤ አዲስ ነገር መናገር የለበትም።

የዛሬ ልጆች ይህ ይቸግራችኋል። አትቀየሙኝ፤ አራት ደቂቃ ንግግር፣ ግማሽ ደቂቃ ጥያቄ፣ ማታ ደግሞ ቪዲዮው በስልክ ይዞራል። ኃላፊን ያፋጠጠ ተብሎ መወደስ ደስ ይላል፤ ግን ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር መልሱ ይቀጥናል። ስልካችሁን ስብሰባ ላይ አጥፉት።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ስልካችሁን መስክ ላይ ይዛችሁ ውጡ። እኛ በእጅ እየገለበጥን ነበር፤ ቁጥር ይሳሳታል፣ ኃላፊውም «ከየት አመጣችሁት» ይላል። የካርዱ ፎቶ ከነቀኑ ካለ ክርክር የለም። የባለሙያው ስምና ፊት ግን አይግባበት፤ ሥራው ላይ መቆየት አለበት፤ እውነቱን የነገራችሁ እሱ ነው።

«ተመራጭ ቢጠይቅ ምን ሊመጣ» የሚሉ አሉ። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮች ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርጫ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የገቡት የመጀመሪያዋ ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሚኒስትር ጠይቀው ባይረኩ በእጃቸው የነበረው ብዙ አይደለም። የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌላ የፌዴራል ባለሥልጣን ለጥያቄ መጥራትንና የአስፈጻሚውን አሠራር መመርመርን በግልጽ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ የአስፈጻሚው ጉዳይ ለውይይት መቅረብ አለበት ይላል። ወረቀቱ አለ። የጎደለው የቤት ሥራው ነው።

ወደ ልጅቱ ጥያቄ ልመለስ። «እየተሠራ ነው» ሲባል አትከራከሪ። ሰብሳቢው ዕድል ከሰጡ እንዲህ ይባል፦ «አመሰግናለሁ። ሥራው የተጀመረበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀንና የሚመራው የሥራ ክፍል በቃለ ጉባዔ እንዲያዝልን እጠይቃለሁ።» ሦስቱም ወዲያው ከተነገሩ ጥሩ። ካልተነገሩ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲመጡ ቀኑ ይቆረጥ። ቃለ ጉባዔው ሲወጣ ያን ገጽ ሁለት ኮፒ አድርጊው፤ አንዱ ከቢን ካርዱ ፎቶ ጋር በኮሚቴው ፋይል ይታሰር፣ ሌላው ለሚቀጥለው ስብሰባ ከጥያቄው ሰነድ በፊት ይቀመጥ። ቀጣዩ ስብሰባ የሚከፈተውም ከዚያ ገጽ ነው፦ «ባለፈው በዚህ ቀን ያበቃል ብላችሁ ነበር።»