ከካሜራው በፊት መገጣጠሚያው

እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የጄሰንና የአርጎናውቶች ፊልም ላይ እንዳሉት አጽሞች ያለ ፍጡር በስቶፕ ሞሽን (አሻንጉሊትን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ በየእርምጃው አንድ ፎቶ በማንሣት) ለመሥራት «በመጀመሪያ ካሜራ ልግዛ ወይስ አሻንጉሊቱን ላሠራ?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን የደረሰብኝን ልንገራቸው።

1ኛ፦ ካሜራውን ይተዉት። ፎከሱና የብርሃን መጠኑ በእጅ ከተቆለፈ ስልክዎ ይበቃል።

2ኛ፦ ገንዘብዎን የአሻንጉሊቱ መገጣጠሚያዎች ላይ ያውሉት። የዚያን ፊልም ፍጡራን ያንቀሳቀሰው ሬይ ሃሪሃውዘን ሰባቱን አጽሞች ከሦስት ተዋንያን ጋር ያፋለመበት ትዕይንት አራት ወር ተኩል ፈጅቷል፤ በቀን በአማካይ የሚነሣው 13 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሆን፣ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚሄድ የአንድ ቀን ልፋት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነበር። አሻንጉሊቱ ሰይፉን እንዳነሣ ካልቆመልዎት ይህ ሁሉ ትዕግሥት ከንቱ ነው። ሃሪሃውዘን በአሻንጉሊቶቹ ውስጥ የሚገቡትን ባለ መገጣጠሚያ ብረቶች የሚሠሩለት የብረት ሥራ ባለሙያ አባት ነበሩት፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ አባት ስላልነበረኝ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ሄድሁ። ባለቤቱ ንድፉን በቅጡ ሳያይ «ለልጅ መጫወቻ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ቀብዱን ሲቀበል ግን አልሳቀም። ከስንት ምልልስ በኋላ ያስረከበኝ የጉልበት መገጣጠሚያ ድቡልቡል ብረት ሞላላ ስለነበረ ብሎኑ ሲጠብቅ ይነክሳል፣ ሲላላ እግሩ ይከዳል። ይህ የታየው ላቴክሱን (እንደ ቆዳ የሚሆነውን ጎማ) ካለበስሁት በኋላ ነውና ብሎኑን ለማግኘት ቆዳውን በምላጭ መቅደድ ግድ ሆነ፤ ሰውየውም ገንዘቤን አልመልስም ብሎ ደጁን ዘጋብኝ። ስለዚህ እርስዎ ሲረከቡ ክንዱን ወደ ጎን ዘርግተው፣ ሰይፉን አስይዘው፣ ቆዳ ሳያለብሱት አንድ ሌሊት ያቁሙት፤ ጠዋት ሰይፉ ዝቅ ብሎ ካገኙት ቀሪውን ሒሳብ እንዳይከፍሉ።

3ኛው ስለ መብራት ነበር፤ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ከመጋረድ በቀር የምጨምረው የለኝም።

ይልቅስ ከአጽም አይጀምሩ። በዚያው ፊልም ላይ ታሎስ የተባለው የነሐስ ግዙፍ አለ፤ ሃሪሃውዘን አካሄዱን ሆን ብሎ ግትር ያደረገው ነሐስ ስለሆነ ነው፤ የጀማሪ እጅ የሚፈጥረው መንገጫገጭም በእንዲህ ያለ ፍጡር ላይ ጠባዩ መስሎ ያልፋል። የእኔ አጽም ዛሬ፣ በሌላ ባለሙያ እጅ እንደገና ተሠርቶ፣ ጋሻውን ይዞ ሳይንገዳገድ ደረጃ ይወርዳል፤ ያዩት ሁሉ በኮምፒውተር የተሠራ ነው ብለው ሲከራከሩኝ ደስ ይለኛል። የዚህን የሁለተኛውን ባለሙያ አድራሻ ከፈለጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ።