ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ

ልጆች፣ ሐዋሳ ውስጥ ለሆቴሉም ለሱቁም ድረ ገጽ ስሠራ ሸብቻለሁ። አንዳንዶቻችሁ መንገድ ላይ አስቁማችሁ «ጋሼ፣ ኦፕን ሶርስ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ትሉኛላችሁ። ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም አንብቦ ማስተካከያ ሊልክበት የሚችል ፕሮግራም ነው። ቆሜ የማልጨርሰው ወሬ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

እኔ የጀመርኩት በሐፍረት ነው። ለአንድ ደንበኛ የሠራሁት ገጽ የመፈለጊያ ሳጥን ነበረው። ሰውዬው እዚያው ፊቴ «ዓሣ» ብሎ ጻፈ። ምንም። «ሀዋሳ» አለ። ምንም። በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ግን ወዲያው ይመጣል። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ የማያገኝ ገጽ! ያን ቀን ቀሪ ሒሳቤን ለመጠየቅ አፈርኩ።

ማታ ለፍለጋው የተጠቀምኩበትን ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡትን ዝግጁ ኮድ፣ ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ መጽሐፍ ጀርባ ላይ እንዳለው የቃላት ማውጫ ነው። ጽሑፉን በየቃሉ ይቆራርጣል፣ ቃሉን ያጸዳል፣ የትኛው ቃል የት እንዳለ ይመዘግባል። ጉዱ ያለው ማጽዳቱ ላይ ነው። ከቃሉ ጫፍና ጫፍ «ፊደል ያልሆነውን» ሁሉ ይልጣል። የተጠቀመበት የጃቫስክሪፕት (የድረ ገጽ ኮድ መጻፊያ ቋንቋ) ምልክት ደግሞ የሚያውቀው ከኤ እስከ ዜድ፣ ከ0 እስከ 9 እና አንደርስኮርን (_) ብቻ ነው። «ዓሣ» ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ፊደላችን እኮ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት የጋራ መዝገብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ጃቫስክሪፕትም ከ2018 ወዲህ የየትኛውንም ቋንቋ ፊደል የሚለይበት መንገድ አለው።

ደስታዬ! ሦስት ሳምንት ተዘግቼ የኮዱን ግማሽ እንደ አዲስ ጽፌ ለላይብረሪው ባለቤቶች ላክሁ። በትህትና «አንቀበለውም» ብለው መለሱልኝ። ሁለት ወር አኮረፍኩ፣ እውነቴን ነው። አሁን ሳስበው እኔም ብሆን አልቀበለውም ነበር። ከሥራ መልስ ማታ ማታ በነጻ የሚሠራ ሰው ያን ሁሉ የባዕድ ኮድ አንብቦ እንዴት ይጨርሰዋል?

ሁለተኛ የላክሁት አንድ ቴስት ነው፤ ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ አጭር ኮድ ማለት ነው። «ዓሣ» የሚል ጽሑፍ አስገባ፣ «ዓሣ» ብለህ ፈልግ፣ አንድ ውጤት መምጣት አለበት። ቴስቱ ወደቀ፤ ቀይ ነው፣ ክርክር የለም። ከሥሩ የሁለት መስመር ማስተካከያ አያያዝኩ። በሳምንቱ ገባ። እንግሊዝኛዬ ያው የምታውቁት ነው፣ ማንም አልሳቀብኝም።

እና ስትጀምሩ እነሱ ሊያውቁት የማይችሉትን ይዛችሁ ሂዱ። ፈረንጁ ከእናንተ የተሻለ ኮድ ይጽፍ ይሆናል። «ዓሣ»፣ «ዓሳ» እና «አሳ» አንድ መሆናቸውን ግን ከየት ያውቃል? እንግሊዝኛ ላይ የብዙ ቁጥሯን ኤስ ቆርጦ መጣል ይቻላል። እኛ ጋ ከ«ቤቶች» ላይ «ች»ን ብትቆርጡ «ቤቶ» ይቀራችኋል፤ «ቤት»ን አታገኟትም። አናባቢው ፊደሉ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ይህን ኢሹ (ችግሩ የሚመዘገብበትና የሚወያዩበት ገጽ) ላይ በምሳሌ ካላስረዳችሁ ኮዳችሁን የሚያነበው ሰው ግራ ይጋባል።

አማርኛ አስተማሪዬ ቢያዩኝ «ሠረቀ ለፀሐይ፣ ሰረቀ ለሌባ ነው» ብለው ይቆጡኝ ነበር። ልክ ናቸው። ሳጥኑ ላይ የሚጽፈው ሰው ግን እጁ የመጣለትን ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ሠ እና ሰን፣ ሐ እና ሀን አንድ የምናደርገው ማውጫው ውስጥና በሚፈለገው ቃል ላይ ብቻ ነው። አንባቢ የሚያየውን ጽሑፍ እንዳትነኩ።

እንዲህ አድርገን «ሀዋሳ» ያለ ሰው «ሐዋሳ»ን ማግኘት ጀመረ። የድሮ ሰው የሚጽፋት «አዋሳ» ግን አስቸገረችን። ሀ እና አን እንቀላቅል ብንል «አገር» እና «ሀገር» ይገናኙልናል፤ «ሐር» ብሎ የፈለገ ደንበኛ ምን እንደሚመጣለት ግን እናንተው አስቡት። ተመሳሳይ ቃላትን የሚይዝ ዝርዝር ይሻላል ብዬ ኢሹ ከፍቻለሁ። እስካሁን ማንም አልነካውም።