ባቡር የት እንደሚሠራ ለምትጠይቁ የባሕር ዳር ልጆች

ልጆቼ፣

ከወልድያ ተነሥቶ በወረታና በባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም የሚያልፈው መስመር በብሔራዊው የባቡር ዕቅድ ላይ ከሰፈረ ቆይቷል። ሐዲዱ ገና ጣና ዳር አልደረሰም። የዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ የምትማሩም ሆናችሁ ቶርኖና ብየዳ ቤት የምትውሉ ግን እስኪደርስ መጠበቅ የለባችሁም። “ባቡር የት ነው የሚሠራው?” የሚለውን ጥያቄ በባለሙያ ዓይን መጠየቅ ከአሁኑ ልመዱ።

ብዙ ሰው “ቻይና” ብሎ ያልፋችኋል። አልተሳሳተም፤ ለሥራ ግን አይጠቅማችሁም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የጭነት ሎኮሞቲቮች (ፉርጎዎቹን የሚጎትቱት ባለ ሞተሮቹ) የተገጣጠሙት ሁናን ግዛት ውስጥ ጁጆ በምትባል ከተማ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ተሽከርካሪዎች ደግሞ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ካለችው ከቻንግቹን መጡ። ከዚያ በፊት በአሮጌው የድሬዳዋ መስመር ላይ ከስዊዘርላንድ ቪንተርቱር የመጡ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ይሠሩ ነበር፤ ሊቶሪና የምትባለው ባለ ሞተር የተሳፋሪ ባቡርም የጣሊያኑ ፊያት ሥራ ናት።

ባቡሩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ከተማ መጨረሻ የተገጣጠመበት ነው። መንኮራኩሩ፣ ኩሽኔታው፣ ትራንስፎርመሩ፣ የፍሬን ቫልቩ እያንዳንዱ የየራሱ ፋብሪካ አለው። ጁጆ የሚሠራው ባለ 6 አክሰል (ሁለቱን መንኮራኩሮች የሚያገናኘው ዘንግ) የጭነት ሎኮሞቲቭ ጉልበቱ 7,200 ኪሎዋት፣ ክብደቱ 138 ቶን ነው፤ በየአክሰሉ 23 ቶን ያርፋል። ክብደቱ ሆን ተብሎ የተሰጠው ነው፤ ከቀለለ መንኮራኩሩ ይንሸራተታል። ከላይ ካለው ሽቦ 25,000 ቮልት በፓንቶግራፍ፣ ማለትም ጣሪያው ላይ ሽቦውን በሚነካው ክንድ፣ ይወርዳል፣ በትራንስፎርመር ዝቅ ይላል፣ ወደ ቀጥታ ኃይል ይለወጣል፣ ከዚያም ለሞተሮቹ እንዲሆን እንደገና ባለ ሦስት ፌዝ ተለዋጭ ኃይል ይደረጋል።

መንኮራኩሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የጋለው ብረት በከባድ ፕሬስ ተቀጥቅጦ በሮለር እየተዳመጠ ቅርጹን ይይዛል። እንደገና ይግልና ዙሪያው ብቻ በውኃ ይቀዘቅዛል፤ ጠርዙ የሚጠነክረውና ስንጥቅ የሚቋቋመው በዚህ ነው። አክሰሉ ከሚገባበት የመንኮራኩሩ ቀዳዳ ትንሽ ይወፍራል፤ ለ200 ሚሊሜትር አክሰል ልዩነቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በፕሬስ ሲገባ የግፊቱ ኃይል በግራፍ ይመዘገባል። መስመሩ ሳያቋርጥ መውጣት አለበት፤ መሃል ላይ ድንገት ከወረደ ገጹ ተጭሯል ማለት ነውና ይነቀላል። ይህን ግራፍ ሳታዩ መንኮራኩር አትረከቡ።

በሁለቱ መንኮራኩሮች የውስጥ ፊት መካከል ያለው ርቀት በቻይና ደረጃ 1,353 ሚሊሜትር፣ በአውሮፓ 1,360 ነው። የሐዲዱ ስፋት ግን በሁለቱም 1,435 ነው። “ስፋቱ አንድ ነው” ብሎ ያለ ምርመራ የገዛ ሰው 7 ሚሊሜትሯ የምትጎዳው ሐዲድ መቀየሪያው ጋ ሲደርስ ነው። ልኩን መንኮራኩሩ ከሐዲድ ተነሥቶ፣ 120 ዲግሪ በተራራቁ ሦስት ቦታዎች ውሰዱ። ሦስቱ ከተለያዩ አክሰሉ ወይም መንኮራኩሩ ተጣሟል። የቻይናና የቱርክ ተቋራጮች የሠሯቸው መስመሮች ያሉት አገር ባለሙያ ማያያዣውን፣ ፍሬኑንና የምልክት መሣሪያውንም እንዲሁ ማነጻጸር አለበት።

የፋብሪካው አካባቢ ሌላም ጣጣ አለው። የኢንዱስትሪ ሞተር በተለምዶ የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አየሩ ሲሳሳ ሞተር በደንብ አይቀዘቅዝም፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ባላቸው ክፍሎች መካከል የሚተወው ክፍተትም መስፋት አለበት። ተርቦ (አየር የሚገፋለት መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ ጣና ዳር ላይ አንድ ስድስተኛው የለም። ጅቡቲ በኩል ደግሞ ሙቀትና የባሕር ጨው አለ፤ ጨው የተለጠፈበት ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው የሽቦ መያዣ) ካልታጠበ ብልጭታ ይዘልበታል። ከፍታ፣ ሙቀትና አቧራ ትእዛዙ ላይ ካልተጻፉ ፋብሪካው የራሱን ልማድ ይልክላችኋል።

“እኛስ ለምን አንሠራም?” ማለታችሁ ደስ ይለኛል፤ መልሱ ከብዛት ይጀምራል። ሕንድ ቢሃር ውስጥ፣ ከዋና ከተማ በራቀችው ማድሄፑራ፣ ከፈረንሳዩ ባቡር ሠሪ ኩባንያ ከአልስቶም ጋር የተቋቋመው ፋብሪካ የቆመው 800 ሎኮሞቲቮች ስለታዘዙለት ነው። የእኛ መስመር ያዘዘው በአሥሮች የሚቆጠር ነው፤ በዚህ ብዛት የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ አይቆምም። ሞሮኮ በሌላ በር ገባች፦ ፌዝ ከተማ ውስጥ ለባቡር የሚሆን የኤሌክትሪክ ሽቦ እየታሰረ ለአልስቶም ይቀርባል። ሽቦ መቁረጥ፣ ጫፉን በትክክለኛ ኃይል መጭመቅ፣ ቁጥር መስጠት፣ አንድ በአንድ መፈተሽ፦ ይህ ባሕር ዳር ውስጥ የማይቻል አይደለም።

የፍሬን ሸራ ግን ቀላል መስሎ ያታልላል። ፍትጊያው ካነሰ ባቡሩ ዘግይቶ ይቆማል፣ ከበዛ መንኮራኩሩ ይቆለፍና ጠፍጣፋ ቦታ ያወጣል። ከብረት ያልሆነ ሸራ ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ አብዛኛው ግለት መንኮራኩሩ ላይ ይቀራል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ገጹን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ መፈተሻ ማሽን ሳይኖር አትጀምሩት።

በእኔ ፍርድ መጀመር ያለባችሁ ከፉርጎ ነው፦ ከበር፣ ከወለል፣ ከብየዳ ጥገና። ንድፍ ማንበብ፣ በካሊፐርና በማይክሮሜትር መለካት፣ ብየዳን በአልትራሳውንድ መመርመር ልመዱ። ለማንኛውም መለዋወጫ ንድፉን፣ የብረቱን ዓይነት፣ የሙቀት አያያዙንና የፍተሻ ወረቀቱን ጠይቁ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ የመጀመሪያውን ቁራጭ ቶርኖ ላይ አታስሩ።