«በዓመት ስንት መክፈል ትችላላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው ዋናው

«ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፣ አሜሪካ ኮሌጅ ማመልከት ትፈልጋለች። አንድ ሰው ፋፍሳ የሚባል ፎርም ሞልቼ ክፍያውን አስቀንስላችኋለሁ ብሎ 30 ሺህ ብር ጠየቀን። እንስጠው?» ብለው ለጠየቁን እናት ነው ይህን የምጽፈው።

አይስጡት። ፋፍሳ የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ እርዳታ ፎርም ነው፣ መሙላቱም ነፃ ነው። ደግሞም በዋናነት ለአሜሪካ ዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ነው እንጂ በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ ልጅ አይሆንም። ዲቪ ደርሷችሁ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ካልሆነ ግን እርዳታውን የሚሰጠው ራሱ ኮሌጁ ነው። ብዙዎቹ የግል ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን የእርዳታ መጠየቂያ ፎርም ያስሞላሉ። እሱን የሚያዘጋጀው ኤስኤቲ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው። የራሳቸውን ፎርም የሚጠቀሙም አሉ። የቱን እንደሚፈልጉ ድረ ገጻቸው ላይ ይጽፉታል።

ይህን የማውቀው ለታናሽ ወንድሜ ሲኤስኤስ ፕሮፋይልን ሁለት ጊዜ ስለሞላሁ ነው። የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ።

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አባታችን ጡረተኛ ነው፣ እናታችን ትንሽ ሱቅ አላት። በ2016 መጀመሪያ ፎርሙን ስንሞላ ቤተሰቡ በዓመት ስንት እንደሚከፍል የሚጠይቅ ቦታ መጣ። አንድ አውቃለሁ ባይ ዘመድ «ዝቅ ካደረጋችሁ አይቀበሉትም። 12,000 ዶላር በሉ፣ ከገባ በኋላ ይቀንሱለታል» አለን።

ግማሹ እውነት ነው። አብዛኞቹ ኮሌጆች የውጭ ተማሪ ሲመርጡ ምን ያህል እርዳታ እንደሚፈልግ ያያሉ። ይህን ሳያዩ የሚመርጡት እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ያሉ ጥቂቶች ናቸው። እነሱ ጋ ደግሞ መግባቱ ራሱ መከራ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ገደል የሚከት ነው። 12,000 ብለን ጻፍን። አንድ ኮሌጅ ተቀበለው። እናቴ ቡና አፈላች፣ ጎረቤት ተጠራ፣ እልል ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ሰነድ እንዲያወጣልን የ12,000ውን የባንክ ማስረጃ ላኩ አለን። ያለ አይ-20 ቪዛ የለም። ይቀነስልን ብለን ጻፍን። በጣም ትሁት የሆነ ኢሜይል መጣ፤ ሲተረጎም «ራሳችሁ ያላችሁት እኮ ነው» ማለት ነው። ቀረ። ልጁ ክረምቱን ሙሉ ሰው ማየት አስጠላው። እኔም እሱን ማየት አፍሬ ነበር።

ከዚያ የተማርኩት ይህን ነው። ብዙ ኮሌጆች የውጭ ተማሪ ሲያመለክት ያልጠየቀውን እርዳታ በኋላ አይሰጡም። ስለዚህ ቁጥሩን መጀመሪያ በትክክል መጻፍ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ዓመት ማታ ማታ ቁጭ ብለን ቆጠርን። ጡረታው፣ የሱቁ ትርፍ፣ እኔ ከደመወዜ የምችለው፣ አሜሪካ ያለችው አክስታችን «ይቺን አላጣም» ያለችው። 2,000 ዶላር መጣ። እሱኑ ጻፍን።

ቁጥሩን ማስረዳት ነው ከባዱ። የጡረታ ማረጋገጫ ደብዳቤ አወጣን። እናቴ ያኔ ደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ስለነበረች የግብር ደረሰኟን አስተረጎምን። ደረሰኙ በኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፣ እነሱ የሚጠይቁት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። ይህን በአንድ አረፍተ ነገር ካላስረዱ ቁጥሮቹ አይገጥሙም፣ ያጭበረበሩ ይመስላል።

የባንክ ስቴትመንቱም ጉድ ነበረው። እናቴ ጥቅምት ላይ ዕቁብ ወጥቶላት ነበር። በአንድ ቀን ትልቅ ብር ገብቷል። ለኛ ገና ወር በወር የሚከፈል ዕዳ ነው፣ ለነሱ ግን ቁጠባ ነው። ፎርሙ ላይ ልዩ ሁኔታን የሚያስረዱበት ክፍት ቦታ አለ። ዕቁብ ምን እንደሆነ እዚያ ላይ በአምስት መስመር ጻፍኩ። የብር ዋጋ መውደቁንም እዚያው ጨመርኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ። የአባቴ ጡረታ በዶላር ሲታይ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ይህን ካልነገሯቸው ከየት ያውቁታል?

ቤቱም ይጠየቃል፤ ዋጋው ስንት ነው፣ ዕዳው ስንት ቀረ። የኛ 20/80 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ደላላ በስልክ የጠራልንን ዋጋ ጽፈን፣ የባንክ ዕዳውን ረስተን ሀብታም መስለን ነበር። በሁለተኛው ግን እዚያው ሕንጻ ላይ በቅርቡ አንድ ቤት የተሸጠበትን ዋጋና ያልተከፈለውን ብድር ጻፍን።

ስም ላይ ይጠንቀቁ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የአያት ስም ፎርሙ ላይ ካልተደገመ፣ ወይም ፊደሉ ከተለያየ፣ ሰነዱ ከልጅቷ ፋይል ጋር ላይገናኝ ይችላል። ሰዓቱንም ያስቡ። በምሥራቅ አሜሪካ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው በክረምታቸው እዚህ ጠዋት 1፡59 ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት የሚሄደው ልክ ያን ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ቀን ቀድመው ይላኩ።

ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚከፈተው በኦክቶበር 1 ነው። እኛ ስንሞላ ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ነበር፤ በካርዷ የከፈለችው አክስቴ ናት። የማመልከቻውን ክፍያ ግን በኢሜይል ስንጠይቅ ሦስት ኮሌጆች ትተውልናል። መጠየቅ አያሳፍርም።

ወንድሜ በነሐሴ 2017 ሄደ። ኮሌጁ በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ የሚያስከፍል ነው፣ የኛ ድርሻ ያችው 2,000 ናት። ከሰባት ኮሌጆች የተቀበለው ያ አንዱ ብቻ መሆኑንም ልንገርዎ።

የሚያማክራችሁ ሰው ከፈለጋችሁ አሜሪካ ኤምባሲ ኤዱኬሽንዩኤስኤ የሚባል ክፍል አለው፣ ምክሩ ነፃ ነው። ልጅቷ ያሰበቻቸውን ኮሌጆች ስም እዚህ ሥር ይጻፉልኝ፣ የቱን ፎርም እንደሚፈልጉ ማታ ከሥራ ስመለስ አይቼ እነግርዎታለሁ።