ቁንጮ ጤፍ ከማሳ ማሳ የተዛመተው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የግብርና ኮሌጅ ተማሪ ነኝ። መምህራችን «ባዮኢኮኖሚ» ከሰብል፣ ከከብትና ከተረፈ ምርት የሚገኝ ሀብት ነው፤ ሞተሩም ፈጠራ ነው ይሉናል። አባቴ ግን ምንጃር ጤፍ ያመርታሉ፤ አዲስ ዘር ሲመጣ ቶሎ አይቀበሉም። እንቢ ያለው ገበሬው ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አባትዎ እንቢ አላሉም፤ እያመዛዘኑ ነው። ገበሬውን «ኋላ ቀር» የሚል ወሬ በጣም ያናድደኛል። ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ ይመልከቱ።

የጤፍ አበባ በጣም ትንሽ ናት፤ ፍሬ የምትይዘው በራሷ የአበባ ብናኝ ነው። ለረጅም ጊዜ ጤፍን በእጅ ማዳቀል የማይሞከር ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶ/ር ታረቀ በርሄ አበባዋ የምትከፈተው ማለዳ ላይ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ አዳቃዩ በጠዋት ተነስቶ፣ በማጉያ መነጽር እያየ፣ ወንዴውን ክፍል በቀጭን ወረንጦ ይለቅማል። እጁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ አበባዋ አለቀላት።

የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ መንገድ ሁለት ዘር አዳቀለ። አንዱ ዱከም ነው፤ ምርቱ ደህና ነው፣ ንጣቱ ግን ገበያውን አላረካም። ሌላው ማኛ ነው፤ ነጭ ነው፣ ምርቱ ግን አነስ ይላል። ከሁለቱ የተገኘው ቁንጮ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቀቀ። ገበሬው ኩንታሉንም አየ፣ ንጣቱንም አየ። ከተማ ውስጥ ነጭ ጤፍ የተሻለ ዋጋ እንደሚያወጣ ለእሱ ማን ይነግረዋል? ዘሩን ከጎረቤቱ ተበድሮ ዘራ።

ሌላው አዲስ ነገር፣ በመስመር መዝራት፣ ግን እንዲህ አልቀናውም። 1 ግራም ጤፍ ከ2,000 በላይ ፍሬ አለው። ያንን ጎንበስ ብሎ በመስመር መዝራት ወገብ ይቆርጣል፤ በዘር ወቅት ደግሞ የሰው እጅ አይገኝም። ምርት ይጨምራል ቢባልም ብዙዎች ወደ ብተና ተመለሱ። እኔ አልፈርድባቸውም።

ጭዱንም አይርሱ። የበሬ መኖ ነው፤ ለግድግዳ ጭቃም ይገባል፤ ይሸጣልም። መምህርዎ «ተረፈ ምርት» የሚሉት አባትዎ ጋ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ አዲሱን ዘር ከድሮው አጠገብ ትንሽ መደብ ላይ ይሞክሩላቸው። ሲወቃ እህሉንም ጭዱንም ለየብቻ ይመዝኑ። የሁለቱንም ናሙና አረርቲ ገበያ ወስደው ነጋዴ ዋጋ ይጥራበት። ቁጥሩን ይዘው ሲመጡ ከአባትዎ ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገሩ።