ሚዛኑ ያልነገረኝ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ነሐሴ አንድ ወጣት ከጎርጎራ በስልኩ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ክንዱን የሚያህል ነጭ ዓሣ በሁለት እጁ ታቅፎ ጀልባው አጠገብ ቆሟል። ከሥሩ «ጋሼ፣ ዛሬ ጣና ሰጠን» ብሎ ጽፏል። ደስታው ደስ አሰኘኝ። ቀጥሎ ግን ዓይኔ ወደ ዓሣው ሆድ ሄደ። ሆዱ ወደ ታች ወርዷል፤ ቆዳው ከመወጠሩ የተነሣ ቅርፊቱ ተራርቋል፤ የወጣቱ አውራ ጣት ከተጫነበት በታች ቢጫ ዕንቁላል ጠብ ጠብ ብሎ ይታያል። መልስ ልጽፍለት ስልኬን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት። ያን ዕለት ያልመለስሁለትን ነው አሁን ለእርሱም፣ በጣና ለምታሰግሩትና በጎንደር ለምትኖሩት ለእናንተም የምጽፈው።

ዕድሜዬን የጨረስሁት በዓሣ ሀብት ባለሙያነት ነው። ቤቴ ጎንደር ቢሆንም ሥራዬ ከከተማው ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ፣ ጎርጎራ ወደብ ላይ ነበር። ገና ጎሕ ሲቀድ ታንኳዎቹ ከደንገሉ መካከል ብቅ ይላሉ። ውኃ የጠጣ የደንገል ታንኳ ከባድ ስለሆነ ሁለት ሰው ተጋግዞ ወደ ዳር ይጎትተውና ፀሐይ እንዲመታው ይተወዋል። ከዚያ የወደቡ ወሬ ይጀመራል። የማን መረብ ተሰረቀ፣ የማን ሞተር በደልጊ በኩል ቆመበት፣ እምቦጩን ነፋስ ወዴት ገፋው፣ ጎንደር ላይ ኪሎው ስንት ገባ። እኔ በዚያ ወሬ መካከል ሚዛኔን ሰቅዬ ኪሎ እጽፋለሁ፤ ቀረሶ ይህን ያህል፣ አምባዛ ይህን ያህል፣ ነጭ ዓሣ ይህን ያህል። በወር መጨረሻ ደምሬ ሪፖርት አደርጋለሁ። ድምሩ ከአምናው ከበለጠ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በልማት ፕሮጀክት ወደ ጣና ሲገባ፣ በታንኳ የማይደረስበት ውኃ ተደረሰበት። ብዙ ቤተሰብ እንጀራ በልቶበታል፤ ይህን ማንም ሊክድ አይገባም። ነገር ግን መረቡ እጅግ የሚቀናው በክረምት፣ ዓሣው በወንዝ አፍ በሚሰበሰብበት ጊዜ ነበር። የቀን ሥራ የሚፈጀው ኪሎ በአንድ ሌሊት ይሞላል። «ምርት ጨመረ» ብዬ ደስ እያለኝ የጻፍሁባቸው ወራት እነዚያ ነበሩ።

አንድ ጠዋት አንድ አዛውንት አስጋሪ «ልጄ፣ ሚዛንህን ለአንድ አፍታ ተወው» አሉኝ። ከክምሩ ላይ አንዱን ነጭ ዓሣ አንሥተው ከጅራቱ በኩል እስከ ጉሮሮው በቢላዋ ሰነጠቁት። ሆዱን ከዳር እስከ ዳር የሞላው ዕንቁላል መዳፋቸው ላይ ዘረገፈ፤ በጣቶቻቸው መካከል እየሾለከ ጫማዬ ላይ ወረደ። «ይህንንስ የት ላይ ትጽፈዋለህ?» አሉኝ። ቅጹን አገላበጥሁት። ቦታ አልነበረውም።

ከዚያም በኋላ ለዓመታት ኪሎ ብቻ መጻፌን ቀጠልሁ። ቅጹ የሚጠይቀው እርሱን ነበር። ጥፋቱ ግን የቅጹ አይደለም፣ የእኔ ነው፤ በዳሩ ላይ አንዲት መስመር ብጨምር የሚከለክለኝ አልነበረም። በኋላ ተመራማሪዎች በጣና ደቡባዊ ክፍል ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ሲያነጻጽሩ፣ ወደ ወንዝ ወጥቶ የሚራባው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ አገኙት። ጽሑፉን ሳነብ የታዩኝ የእኒያ አባት መዳፎች ነበሩ።

ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው በእውነቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አፉ የሰፋው አለ፣ ከንፈሩ የወፈረው አለ፣ ጀርባው የጎበጠው አለ። ከእነዚህ ዝርያዎች 15ቱ በዓለም ላይ ከጣና ሌላ የትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ እንዳይወጣ ስለሚያግድ፣ የጣናው ለብቻው ኖሮ ለብቻው ተለያየ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ በመገጭ፣ በድርማ፣ በርብ፣ በጉማራና በሌሎቹም ገባር ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ወደ ላይ ወጥተው፣ ጠጠር ባለበት ንጹሕና ፈጣን ውኃ ውስጥ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንግዲህ የወንዙን አፍ በመረብ የዘጋ ሰው የያዘው የዚያን ሌሊት ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ሊይዝ የሚችለውንም አብሮ ነው። ቀረሶ እንኳ ሌላ ነው፤ እናቲቱ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ እዚያው ዳር ዳሩን ታሳድጋለች። ነጭ ዓሣ ግን መንገደኛ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋበት ሌላ መላ የለውም።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ነገር ግን አዋጅ በነሐሴ ሌሊት፣ በዝናብ፣ የድርማ አፍ ላይ ቆሞ አያድርም። እዚያ የምታድሩት እናንተ ናችሁ።

የምጠይቃችሁ ነገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት፣ ደብተርና የደንብ ልብስ የሚገዛበት መዳረሻ ነው። የራበውን ሰው «መረብህን ጠቅልል» ማለት ለጡረተኛ ቀላል ነው። ስለዚህ ነገሩ ከነሐሴ ሳይሆን ከሁዳዴ ይጀመር። በሁዳዴ ዓሣ የሚበላው ሰው ይበዛል፤ የማይበላውም እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው። የጎንደር ሆቴሎች ይሻማሉ፤ ዋጋው ይወጣል። ማኅበራችሁ በዚያ ወቅት ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ጥቂት ቆርጦ ለክረምቱ ያስቀምጥ። ዕቁብ የምንጥል ሰዎች ነን፤ ለነሐሴ የሚደርስ ዕቁብ መጣል አያቅተንም።

ከዚሁ ጋር የያዛችሁትን ዓሣ አታበላሹ። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ግን ወደብ ላይ ያየሁት ቀድሞ የሚበላሸው ሆድ ዕቃው ነው። ዓሣው ከውኃ እንደወጣ ሆዱ ተከፍቶ ይጽዳ፣ የሚተነፍስበት ስንጥብ ይውጣ፣ ጥላ ይሁንለት፣ በረዶ ከተገኘ በበረዶ ይያዝ። ፀሐይ ላይ ሲንከባለል ውሎ ጎንደር የሚደርስ ዓሣ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል ወይም ይጣላል፤ የተጣለውን ለመተካት ደግሞ ሌላ ሌሊት መረብ ይዘረጋል። ካወጣችሁት ውስጥ ምንም ሳይበላሽ ብትሸጡት ኖሮ ስንቱን ሌሊት እቤታችሁ ታድሩ እንደነበር ራሳችሁ አስሉት።

ጎንደር ከተማ ያላችሁትም ከዚህ ውጭ አይደላችሁም። ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው ቀሃ መገጭን ተቀላቅሎ ጣና ይገባል። የምንጥልበትን ቆሻሻና የሚታጠበውን አፈር ይዞ ነው የሚወርደው። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ መጀመሪያ የታየው በመገጭ መግቢያ በኩል መሆኑን አስቡ። በእጁ ሊነቅለው ውኃ ውስጥ እስከ ወገቡ የገባው የደምቢያ ገበሬ የእኛንም ዕዳ ነበር የሚነቅለው።

አሁን ወደዚያ ፎቶግራፍ ልመለስ። ልጄ፣ ፎቶግራፍ ማንሣትህን አትተው። የወደቡን ወሬ ዛሬ የምታደርሱት እናንተ ናችሁ፤ በእኔ ጊዜ ወር የሚፈጀው ሪፖርት በእናንተ እጅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ዓሣውን ከመታቀፍህ በፊት መሬት ላይ አጋድመው፤ አጠገቡ ሜትር ዘርጋ። ቀኑን፣ የተያዘበትን ቦታ፣ ርዝመቱን ጻፍ። ከዚያ ሆዱን ክፈትና ያየኸውን ጻፍ፤ ዕንቁላል አለው፣ የለውም፣ ጥሎ ጨርሷል። አሥር ወጣቶች አንድ ክረምት ይህን ብትጽፉ፣ የትኛው ወንዝ አፍ መቼ መዘጋት እንዳለበት ከማንም ባለሙያ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ታላላቆቻችሁ «እናንተ ልጆች ምን ታውቃላችሁ?» ሲሏችሁም ደብተሩን ታስቀምጡላቸዋላችሁ።

ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ጤና ከሰጠኝ፣ ጎርጎራ እመጣለሁ። ሜትሩን እኔ አመጣለሁ፤ ቢላዋና ደብተር እናንተ ያዙ።

አባታችሁ፣
ጎንደር