ድራማው ካለቀ በኋላ፦ ለወጣት ተዋንያን

ልጆቼ፣ በየተገናኘንበት የምታነሱት ጥያቄ አለ፣ ድራማው አልቆ ስልኩ ዝም ሲል ምን እንሁን የሚለው። ህዝባችን አንድን ገጸ ባህሪ አጥብቆ ከወደደ ወይ ከጠላ የናንተን ስም ይተወዋል፣ አበበ ባልቻን ከሰው ለሰው ድራማ በኋላ ስንቱ ነው አስናቀ እያለ የሚጠራው፣ ከዛ በፊት በመድረክ ስንት የሰራ ሰው ሆኖ ሳለ። ዝናው የገጸ ባህሪው ነው፣ ለናንተ የሚቀረው ሌላ ቦታ የሰራችሁት ነው።

አሜሪካዊውን ተዋናይ ብሪያን ክራንስተንን እዩት። እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ማልኮም ኢን ዘ ሚድል የሚባል ኮሜዲ ላይ የሚያስቅ አባት ሆኖ ነው ሰው የሚያውቀው፣ ብሬኪንግ ባድ የሚባለው ድራማ ሲታሰብ የቻናሉ ኃላፊዎች ይሄ ኮሜዲያን አይሆንም ብለው ሰጉ፣ የድራማው ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን ግን በ1998 እ.ኤ.አ. ኤክስ ፋይልስ የሚባል ድራማ ላይ በእንግድነት የተወነበትን አንድ ክፍል አውጥቶ አሳያቸውና አመኑ፣ በብሬኪንግ ባድ ሚናው በምርጥ መሪ ተዋናይነት 4 ኤሚ፣ የአሜሪካን ትልቁን የቴሌቪዥን ሽልማት፣ ወሰደ። የአንድ ክፍል ስራ እኮ ናት፣ ከስንት ዓመት በኋላ በር የከፈተችለት!

ስለዚህ ድራማው እየታየ እያለም ከምትታወቁበት የራቀውን ሚና፣ ትንሽም ቢሆን፣ እሺ በሉ። የሬዲዮ ድራማ ስሩ፣ ቃና ከመጣ ወዲህ ዳቢንግም፣ የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምጽ መተካት፣ አለ እሱንም ሞክሩ፣ ብሔራዊና ሀገር ፍቅር መድረክ ላይ መመለስ ደግሞ እንደ መውረድ አትዩት፣ እዛ ካት የለም ኤዲተርም አያድናችሁም፣ እውነተኛ ጉልበት የሚገኘው እዛ ነው።

ስራ ሲጠፋ ሌላ ስራ መስራትም አያሳፍርም። ጄፍሪ ኦወንስ የአሜሪካው ኮሜዲ የኮዝቢ ሾው ተዋናይ ነበር፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ ትሬደር ጆስ ሱፐርማርኬት ካሸር ሆኖ ሲሰራ ፎቶ አንስተው ለቀቁበት፣ ሊያዋርዱት ነበር ግን የሙያ ጓደኞቹ ከጎኑ ቆሙ፣ እሱም እዛ የገባው ሰዓቱ ስለሚመቸው ኦዲሽን፣ የተዋናይ መምረጫ ፈተና፣ መሄድም ማስተማርም ስለሚያስችለው እንደሆነ ተናገረ፣ ከዛ ፊልም ሰሪው ታይለር ፔሪ የትወና ስራ ሰጠው። እኔ ይሄን ሰው በጣም ነው የማከብረው። የኛ ልጆች ግን ሰው ያየናል ብለው ቤት ተዘግተው ሲቀመጡ አያለሁ፣ ልቤን ይሰብረዋል።

አሜሪካዊቷ ተዋናይ ጁሊያ ሉዊ ድራይፈስም የታወቀችበት ኮሜዲ ሳይንፌልድ በ1998 እ.ኤ.አ. ካለቀ በኋላ የጀመረችው ድራማ ቶሎ ተቋርጦባታል፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረው ቪፕ የሚባል ኮሜዲ ግን 6 ኤሚ በተከታታይ አሸለማት።

ውሉን ደግሞ አደራ። አሜሪካ ድራማ ሲደገም ተዋናዩ የሚከፈለው ማህበራቸው ተደራድሮ ስላስፈረመ ነው። ዩቲዩብ ላይ ሲጫን፣ ለሌላ ጣቢያ ሲሸጥ ድርሻችን ምንድነው ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፣ የሚሰማችሁ አሁን ስትፈለጉ ነው። የማይገባችሁ አንቀጽ ካለ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፣ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።